ከጣቢያ ልኬት ወደ ካርታ፦ የዝናብና የሙቀት ሥራዬ የደረሰበት

የሜትሮሎጂ ጣቢያ የሚነግረን ስለቆመበት ቦታ ብቻ ነው፤ ስለ ዝናብ የሚጨነቀው ገበሬ ማሳ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከጣቢያ ይርቃል። እኔ የያዝኩት ሥራ አገሩን በእኩል ትንንሽ ካሬዎች ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ካሬ ከዙሪያው ጣቢያዎች ልኬት ተነስቶ የዕለቱን ዝናብና ሙቀት ማስላት ነው። ተመሳሳይ ሥራ ለጀመራችሁ እስካሁን ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

የጣቢያዎቹን መረጃ ስለ ማጣራቱ ብዙ አልልም። በነፃ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የዕለታዊ ምልከታ ስብስብ ዝናብ የሚጻፈው በሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ነው፤ 254 ማለት 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። ያልተለካ ቀን -9999 ተብሎ ይመዘገባል። «አልዘነበም» እና «አልተለካም» እስከ መጨረሻው ሳይደባለቁ መሄድ አለባቸው፤ አለዚያ የዓመቱ ድምር ያንሳል። ደግሞም ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚነበበው ዝናብ በአብዛኛው የትናንቱ ነው።

ሙቀት ከዝናብ ይልቅ ታዛዥ ነው፤ ከፍታን እስካልረሳን ድረስ። ጎሐ ጽዮንና ደጀን በዓባይ ሸለቆ ወዲህና ወዲያ፣ በደጋው ጫፍ ላይ የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። የሁለቱን ከተሞች ልኬት በርቀት ብቻ መዝነን የዓባይን ድልድይ ሙቀት ብናሰላ፣ ለበረሃው የደጋ አየር እንሰጠዋለን። ድልድዩ ከከተሞቹ 1,400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ ሽቅብ ሲወጣ ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል በሚለው አማካይ ብንሄድ ስሕተቱ ወደ 9 ዲግሪ ይጠጋል። ስለዚህ ሁሉንም ልኬት መጀመሪያ ወደ ባሕር ጠለል አወርዳለሁ፣ እዚያ አሰላለሁ፣ ከዚያም በየካሬው ከፍታ ልክ እመልሰዋለሁ። ለሌሊት ሙቀት ግን ያው ቁጥር ሁልጊዜ አያገለግልም፤ በጠራ የበጋ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ወደ ሸለቆ ይወርዳልና።

ልቤን የያዘው ዝናቡ ነው። ከአንድ ካሬ 10 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ጣቢያ 30 ሚሊ ሜትር ለካ፤ 20 ኪሎ ሜትር የሚርቁ ሁለት ጣቢያዎች ግን ምንም አልዘነበባቸውም እንበል። በርቀት ስኩዌር ተገላቢጦሽ ስንመዝን (ርቀቱ እጥፍ የሆነ ጣቢያ ክብደቱ ሩብ ይሆናል) ካሬው 20 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል። ቁጥሩ ያሳምናል። የበልግ ነጎድጓድ ግን አንዱን ቀበሌ አጥለቅልቆ ጎረቤቱን በደረቁ የሚያልፍ ነው። ስሌቱ ከባዱን ዝናብ ያለዝባል፣ ዝናባማ ቀናትንም ያበዛል፤ በወሩ ድምር ላይ ብዙም አይታይም፣ የዘር ጊዜን ለሚወስን ሰው ግን ትልቅ ጉዳት ነው። አሁን ሥራውን ለሁለት ከፍዬዋለሁ፦ መጀመሪያ ዘነበ ወይስ አልዘነበም፣ ቀጥሎ ምን ያህል።

ውጤቱን የምፈትነው አንዱን ጣቢያ ደብቄ በሌሎቹ በመገመት ነው። ጣቢያ በተጠጋጋበት ደጋ ግምቱ ደኅና ነው፤ ወደ ሶማሌና አፋር ቆላ ስንወርድ ይዳከማል። ካርታው ግን ሁለቱንም በእኩል ድፍረት ይቀባቸዋል። ስለዚህ ለማንም ስሰጥ ለየካሬው ስንት ጣቢያ እንደተቆጠረ የሚያሳይ ሁለተኛ ካርታ አያይዛለሁ። እናንተም እንዲሁ እንድታደርጉ አጥብቄ እለምናለሁ።

ቀጣዩ ሳተላይት መጨመር ነው። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር በዚህ መንገድ ሄደዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለው ቺርፕስ (CHIRPS) የተባለው የሳተላይት የዝናብ ግምት መረጃም ለሁሉም ክፍት ነው። የጣቢያውንና የሳተላይቱን ልዩነት አስልቼ፣ ልዩነቱን በካሬዎቹ ላይ አሰራጭቼ መልሼ እደምረዋለሁ። ከተራራማው አካባቢ እጀምራለሁ፤ ዝናብን ከደመና ጫፍ ቅዝቃዜ የሚገምት ሳተላይት፣ ተራራ ላይ ከዝቅተኛ ደመና የሚወርደውን አሳንሶ ያየዋልና።