የተሰረዘው መሰላል፦ የስድስተኛው ሳምንት የሕገ መንግሥት ንባቤ

ቅዳሜ ቃል እንደገባሁላችሁ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ንባቤ የት እንደደረሰ ላካፍላችሁ። ስድስተኛ ሳምንቴን ብይዝም ስለ ፍርድ ቤቶች ከሚናገረው ከአንቀጽ 3 አልወጣሁም። የያዘኝ አንድ ሐረግ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ክፍል 2 ላይ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የይግባኝ ሥልጣን ኮንግረስ ለሚያወጣቸው ልዩ ሁኔታዎችና ደንቦች ተገዢ ነው ይላል። በመጀመሪያው ንባብ ዝም ብዬ አልፌው ነበር። የመለሰኝ የቴክሳሱ የምክር ቤት አባል ሮን ፖል በ2004 ያቀረቡት ረቂቅ ሕግ ነው። ረቂቁ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ጨምሮ ማንኛውም የፌዴራል ፍርድ ቤት በግላዊነት መብት ላይ የተመሠረተ ክርክር እንዳያይ ይከለክላል፤ ተዋልዶን የሚመለከተውንም ጭምር። ሕግ ሆኖ አልወጣም።

ደብተሬ ላይ «ጽንስ ማቋረጥን የሚከለክል ረቂቅ» ብዬ ጽፌ ነበር። ስህተት ነው፤ ረቂቁ የሚከለክለው ፍርድ ቤቶችን እንጂ ጽንስ ማቋረጥን አይደለም። ነገሩ የገባኝ ሁለት መሰላል ስስል ነው፤ በግራ የግዛት ፍርድ ቤቶች፣ በቀኝ የፌዴራል። ቀኙን ሰረዝኩት። ከግራው ጫፍ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚያሻግረውንም መስመር ሰረዝኩ። የቀሩት 50 የመጨረሻ ቃሎች ናቸው፤ ቢጋጩ የሚያስታርቃቸው የለም።

የእኛን ሕግ ለተማርን ሌላም ግር የሚል ነገር አለ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የግል ሕይወትን መብት በአንቀጽ 26 በግልጽ ጽፎታል። በአሜሪካው ግን ቃሉ ራሱ የለም። በ1965 ዳኞች ባለትዳሮች የወሊድ መከላከያ እንዳይጠቀሙ የሚከለክለውን የኮነቲከት ሕግ ሲሽሩ፣ መብቱን ከሌሎች አንቀጾች አወጡት። ጽንስ የማቋረጥ መብትን ያወቀው የ1973ቱ የሮ ውሳኔም በዚያው መብት ላይ ቆመ። «ያልተጻፈ መብት ጻፉ» የሚሉት ወገኖች ቅሬታ መሠረት የለውም ለማለት እቸገራለሁ። መፍትሔያቸውን ግን ልቀበለው አልቻልኩም፤ ተበደልኩ የሚል ሰው የሚጮኽበትን ቦታ ይዘጋልና።

ሳምንቱን የበላብኝ የማካርድል ጉዳይ ነው፤ እንዲህ ላሉ ረቂቆች ደጋፊዎች ዋና መከራከሪያ ነው። ሰውየው የሚሲሲፒ ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር፤ በጻፈው ምክንያት ወታደሮች አሰሩት። አካሌ ነጻ ይውጣ ብሎ፣ እንዲህ ያለውን ይግባኝ በፈቀደው የ1867 ሕግ መሠረት ይግባኝ አለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ክርክሩን ሰማ። ውሳኔው ሳይሰጥ፣ በመጋቢት 1868 ኮንግረስ የፕሬዚዳንት ጆንሰንን ተቃውሞ ሽሮ ያንን የይግባኝ መንገድ ሰረዘው። በ1869 ዳኞቹ «ሥልጣን የለንም» ብለው መዝገቡን ዘጉ።

እዚህ ላይ ንባቤን አቁሜ ቢሆን ኖሮ ኮንግረስ ያሻውን መዝጋት ይችላል ብዬ እደመድም ነበር። የውሳኔውን የመጨረሻ አንቀጽ ደጋግማችሁ አንብቡት። የተዘጋው በ1867ቱ ሕግ የሚመጣው ይግባኝ ብቻ እንደሆነ፣ ቀድሞ የነበረው ሥልጣን እንዳልተነካ ይናገራል። በዚያው ዓመት ዬርገር የሚባል ሌላ እስረኛ በቀረው በር ሲመጣ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። የ2004ቱ ረቂቅ ደግሞ የፌዴራሉን በር በሙሉ ነበር የሚዘጋው። ማካርድልን ለዚህ መጥቀስ አያስኬድም ባይ ነኝ።

የሮን ውሳኔ በ2022 የሻረው በዶብስ ውሳኔ ራሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው፤ መሰላሉ ሳይነካ ማለት ነው።

አሁን የ1872ቱን የክላይን ውሳኔ ጀምሬያለሁ፤ ፍርድ ቤቱ ኮንግረስን «እዚህ ላይ አልፈሃል» ያለበት ነው። ያነበባችሁት ካላችሁ ለቅዳሜ ማስታወሻችሁን ይዛችሁልኝ ኑ።