ቢጠራጠሩም ቅሬ አይቀርም

እምነቱ የተናጋበት ሰው መጀመሪያ የሚሳሳተው ሁሉንም በአንድ ሳምንት ሲተው ነው። ሶላቱ ይቀራል፣ ጾሙ ይቀራል፣ ቅዳሴው ይቀራል፣ ወዳጃው፣ ቡናና ጫት ይዞ ተሰብስቦ መጸለዩ፣ ይቀራል፤ ቀጥሎ ቅሬውም፣ የሰፈሩ የቀብር መረዳጃ ዕድር፣ ይቀራል። ከወር በኋላ «እምነቴን ስላጣሁ ባዶ ሆንኩ» ይላል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ደግሞም ለሦስት ሳምንት ከማንም ጋር ቡና ስላልጠጣ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ቢያንስ አንዱን ሳይነኩ ማቆየት ያስፈልጋል።

እዚህ ፈጣሪ አለ ወይስ የለም በሚለው ክርክር አንገባም። ክርክሩ ሳይቋጭ ስንት ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ እስከዚያው ግን መኖር አለ። ወሎ ደግሞ ለዚህ «እስከዚያው» ከብዙ አገር የተሻለ መሣሪያ አላት።

አንደኛው ቅሬ ነው። ቅሬ የሚጠይቀው እጅና እግር እንጂ ልብ አይደለም። ሰው ሞተ ሲባል ዶማና አካፋ የሚይዝ ይሄዳል፣ እንጨት የሚፈልጥ ይፈልጣል፣ ውኃ የሚቀዳ ይቀዳል፣ የቀረ ይቀጣል። ሙስሊም ሲሞት ክርስቲያኑ ጎረቤት ይቆፍራል፤ ክርስቲያን ሲሞት ሙስሊሙ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ይሸኛል። «ትንሣኤ ሙታንን ታምናለህ?» ብሎ አካፋ የሚከለክል ሰብሳቢ የለም። ለተጠራጠረ ሰው ከዚህ የሚሻል መቆያ አናውቅም፤ ምንም ሳይዋሽ ከሰው መሃል ይውላል።

አካሄዱ ግን ልክ አለው። የሙስሊም ቀብር በዚያው ቀን፣ አንዳንዴም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ስለሚፈጸም «ከሥራ ስወጣ እደርሳለሁ» ያለ አይደርስም። በክርስቲያኑ በኩል ፍትሐቱ ጊዜ ይወስዳል፤ ጸሎቱ አፍ ላይ የሚተናነቅ ከሆነ የድንኳኑን ምሰሶ፣ አግዳሚውን፣ የውኃውን ጀሪካን መያዝ ነው። ከቀብሩ በኋላ ባሉት ቀናት ለቅሶ ቤት መቀመጡ ከቀብሩ ይበልጣል፤ ያኔ ሰው እየሳሳ ይሄዳልና። በዚያ ቤት የሚበላሸው ነገር አንድ ነው፦ ሐዘንተኛ ፊት ፍልስፍና ማውራት። «አብሽር» ማለት ይበቃል። ቃሉ ከዐረብኛ ይምጣ እንጂ የወሎ ክርስቲያንም ሲያጽናና የሚለው እሱኑ ነው።

ሥጋ ላይ ግን ጥንቃቄ። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቤተሰብ ሳይቀር እስላም ክርስቲያኑ ተቀላቅሎ በሚኖርበት አገር ድንበሩ የተሰመረው ቢላዋ ላይ ነው። ሠርግ ሲሆን ለሁለቱም ለየብቻ ይታረዳል፣ ድስቱና ጭልፋው ይለያል። እዚህ ላይ «እኔ በዚህ አላምንም» ብሎ ከዚያኛው ድስት የጎረሰ ሰው ለራሱ የነጻነት ሙከራ ያደረገ ይመስለዋል፤ ጓዳ ያሉት ሴቶች ግን የሚያዩት ሌላ ነው፤ ሃይማኖቱን ቀየረ። እናቱ ማታውኑ ትሰማለች። እሱ ወደማንም አልሄደም፣ መሃል ቆሟል፤ መሃሉን የሚገልጽ ሥጋ ግን የለም። ማተብ መበጠስም፣ ሒጃብ ማውለቅም እንዲሁ ነው፤ አንገትና ራስ ላይ ያለ ነገር ለሰፈር የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ለ6 ወር ያህል ሦስቱንም ባይነኩ፣ የማይመች ድግስ ሲገጥም ሽሮ ቢበሉ ይሻላል። ሽሮ ስንቱን አስታርቋል!

ለማን ይነገር? ለአንድ ሰው። በዓል ቀን ለእናት አባት አይነገርም፣ ፌስቡክ ላይም አይለጠፍም። የንስሐ አባት የሰሙትን የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው፤ «አባቴ፣ እንዲመልሱልኝ ሳይሆን እንዲሰሙኝ ነው የመጣሁት» ብሎ መጀመር ወሬውን ከክርክር ያድነዋል። ከሸኽ ጋርም ያው ነው፤ ሰው ከበዛበት መስጊድ ይልቅ ቤታቸው፣ ቡና ላይ። የሚቆጡ ከሆነ ሌላ ሰው መፈለግ ነው፤ ከሁለቱም ወገን ጥርጣሬን የማያውቅ ሊቅ ብዙውን ጊዜ መጽሐፉን ራሱ በደንብ አላነበበም። ዳግም ትንሣኤ የሚከበረው «ካላየሁ አላምንም» ያለውን ቶማስን እያነሱ ነው። በማርቆስ 9፥24 የታመመው ልጅ አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ይጮኻል። በቁርኣን ሱረቱል በቀራ 260 ላይ ኢብራሂም ሙታን እንዴት እንደሚነሡ አሳየኝ ብሎ ጠይቆ «አላመንክምን?» ሲባል፣ አምኛለሁ፣ ግን ልቤ እንዲረጋ ነው ይላል። ታላቁ የእስልምና ሊቅ ኢማም አል-ገዛሊም በ1095 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባግዳድ ላይ ምላሱ አልታዘዝ ብሎት ማስተማር አቅቶት ነበር፤ ወንበሩን ትቶ ሄደ።

ከመነገሩ በፊት ግን ጥርጣሬው ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ጥያቄው ዛሬ ማታ ቢመለስ እንቅልፍ ይወስደኛል? አዎ ከሆነ የዕውቀት ጥያቄ ነው፤ መጽሐፍና አስተማሪ ይበቃዋል። በ1977ቱ ረሃብ ኮረም ሜዳ ላይ ልጁን የቀበረ ሰው፣ በ2014 በጦርነቱ ቤቱ የተዘረፈበት ሰው «የት ነበር ያኔ?» ሲል ግን መልስ ቢያገኝም አይተኛም፤ ሐዘን ነው። ሐዘንን በማስረጃ ለመመለስ የሚሞክር ሰባኪ ቁስል ላይ ጨው ይነሰንሳል። ሦስተኛው በሰው መከዳት ነው፦ የታመነ አባት ወይም የተከበረ ሸኽ ያጠፋው ጥፋት። እሱ የፍትሕ ጉዳይ ነው፤ በጾምና በጸሎት ከመሸፋፈን ቢጠየቅበት ይሻላል።

ብቻ ሲኮን ደግሞ መቁጠሪያ ጥሩ ነው፤ ባያምኑም። ክርስቲያኑ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»ን 41 ጊዜ ይላል፤ ሙስሊሙ ሙስበሃውን በ33 በ33 አድርጎ 99 ያደርሳል። ፍሬዋን በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መሃል ይዞ፣ አየር ሲያስገቡ ዝም፣ ሲያስወጡ አንድ ቃል፣ ከዚያ ፍሬዋን ወደ ራስ መሳብ። አንድ ትንፋሽ 6 ሰከንድ ያህል ቢፈጅ 41ዱ 4 ደቂቃ፣ 99ኙ 10 ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል። የድሮው ቃል ውሸት መስሎ ከተሰማ በግድ አይባልም፤ «ተመስገን»፣ «ይቅር» የመሰለ አፍ የሚያወጣው ቃል ይመረጣል። ብዙው ሰው የሚወድቀው በሁለተኛው ሳምንት ነው፣ «ምንም አልተሰማኝም» ብሎ። እንዲሰማው አይደለም። ደሴ ያለ ሰው ጎህ ሳይቀድ ወደ ጦሳ አቀበት እየወጣ ቢያደርገው ትንፋሹ ራሱ ይቆጥርለታል።

ጫት ላይ የተገኘ መገለጥ ግን ለነገ ይደር። ወዳጃ ላይ ምርቃናው ሲመጣ ሁሉም ነገር የተፈታ ይመስላል፤ አንዱ በዚያች ሰዓት ወልይ (የአላህ ወዳጅ) ልሁን ይላል፣ ሌላው ሁሉም ተረት ነው ብሎ ይወስናል። ሲበርድ ሁለቱም እንቅልፍ አጥተው ያድራሉ። እንዲሁ መስከረም 21 ግሸን ወጥቶ ወይ ለመውሊድ ጀማ ንጉሥ ሄዶ በሕዝቡ ግፊያ መሃል የዕድሜ ልክ ውሳኔ መወሰን አይመከርም። ጸጥ ባለ ተራ ቀን ይኬዳል።

ከጥርጣሬ ጋር የሚምታታ አንድ ነገር አለ፤ ወስዋስ። ውዱእ አሥር ጊዜ የሚደግም፣ ሶላቱን ከመሃል እየቆረጠ እንደገና የሚጀምር፣ ሥዕል ፊት ሲቆም ስድብ በአእምሮው እየመጣበት የሚንቀጠቀጥ ሰው እምነት አላነሰውም፤ እንዲያውም በዝቶበታል። ይህ በቀን ከ1 ሰዓት በላይ የሚወስድና ሥራ የሚያስፈታ ከሆነ ሕክምና ያለው የአእምሮ ሕመም ሊሆን ይችላል። የሚያባብሰው መደጋገሙ ነው፤ በታጠበ ቁጥር ጭንቀቱ ለደቂቃ ይቀላል፣ አእምሮው ያችን ቅለት ለምዶ ነገ ሁለት እጥፍ ይጠይቃል። ሕክምናው በተቃራኒው ነው፦ ጭንቀቱ እያለ አንዴ ታጥቦ አለመድገም፣ ቀስ በቀስ፣ በባለሙያ እየታገዙ፤ መድኃኒትም አለው። ፊቅሁም (የእስልምና ሕግ ትምህርቱ) ከጥንት ጀምሮ እርግጠኛ ነገር በጥርጣሬ አይሻርም ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው «ጸሎትህን ጨምር» ማለት እሳት ላይ ላምባ መጨመር ነው።

አሁን ወደ ቡናው። አቦል ተጠጥቷል፣ ቶናም አልፏል፣ በረካው እየተቀዳ ነው፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቆሎው ሰሃን ሥር ቀርቷል። አንዲት እናት ዞር ብለው «እስቲ ዛሬ አንተ መርቅ» ይላሉ። የተጠራጠረ ሰው የሚፈራት ሰዓት ይህች ናት፤ እምቢ ቢል ነውር፣ ቢመርቅ ውሸት ይመስለዋል። አማርኛ ግን እዚህ ላይ ሰውን ያግዛል። «ያቆየን»፣ «ያሰንብተን»፣ «ክፉ አያሰማን»፣ «ዝናቡን በወቅቱ ያድርግልን» ሲባል አድራጊው ማን እንደሆነ አይጠራም፤ ግሱ ውስጥ ተሸሽጓል። እናትየው አላህን ይሰሙበታል፣ ጎረቤታቸው እግዜርን፣ መራቂው ደግሞ ምኞቱን ብቻ። ምኞቱ ውሸት አይደለም። መዳፍን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ከሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ሳያስረዝሙ፣ ከታመመ ጀምሮ በዝናቡ መጨረስ ነው፤ ቤቱ አሚን ይላል፣ ሲኒው ይሰበሰባል።