ረዳት

ዛሬ እማዬን ከሐኪም ቤት ወደ ቤት መለስኳት። ጉልበቷ ብሶባታል። የአዳማ የስድስት ሰዓት ፀሐይ ደግሞ ምሕረት የላትም።

ፖስታ ቤት ጋ አንድ ሚኒባስ አገኘን። በሩ ላይ ያለው ልጅ ቢበዛ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ብሮቹን በቁመታቸው አጥፎ በጣቶቹ መሃል ሰክቷቸዋል። እማዬ እግሯን አነሳች፤ መርገጫው ራቃት። ልጁ ዘሎ ወረደ። ብሮቹን ኪሱ ከተተና በአንድ እጁ ክርኗን፣ በሌላው ጀርባዋን ደገፋት።

"ቀስ ይበሉ እማማ፣ ማንም አያስቸኩልዎትም።"

ከኋላ አንድ ሰውዬ "አንተ ወያላ! እንሂድ እንጂ!" ብሎ ጮኸ።

"ረዳት ነኝ ጋሼ" አለ ልጁ፣ ድምፁን ሳይጨምር።

እማዬ ከተደላደለች በኋላ "የእመቤቴ ረድኤት አይለይህ ልጄ" ብላ መረቀችው። ረዳት። ረድኤት። ሁለቱ ቃላት ተከታትለው ጆሮዬ ሲገቡ ነው ዝምድናቸው የታየኝ። ወያላ እያልኩ ስንት ዓመት ተሳፍሬያለሁ!

ማታ ቃሉ አልለቀቀኝም። ግዕዙ "ረድአ" ነው። አማርኛ የመጨረሻዋን "አ" ውጦ "ረዳ" አደረገው። ከዚያው ሥር "ረድእ" ይመጣል፤ ሲበዛ አርድእት። 72ቱ አርድእት የምንላቸው፣ ክርስቶስ የላካቸው ደቀ መዛሙርት ናቸው። ገዳም ውስጥም አረጋዊ መነኩሴ እያገለገለ የሚማረው ረድእ ይባላል። ይሄ ደስ ይለኛል። ውኃ የሚቀዳውና ትምህርት የሚቀበለው አንድ ሰው፣ ስሙም አንድ ነው።

መዝሙረ ዳዊት ላይ ዓይኑን ወደ ተራሮች ያነሣው ሰው ፈጣሪውን የሚጠራው "ረዳቴ" ብሎ ነው። በዕብራይስጡ ቃሉ "ዔዜር" ነው። ሔዋን ለአዳም ረዳት ስትባልም ያው ዔዜር ነው። ዕዝራና አልዓዛር የሚሉት ስሞች ውስጥም ይኸው እርዳታ አለ። ታዲያ ረዳት ማለት የበታች ማለት ነው ያለን ማን ነው? ረዳት አብራሪ፣ ረዳት ፕሮፌሰር ስንል ቃሉን የማዕረግ ታችኛ ደረጃ አደረግነው። በሩ ላይ ለሚንጠለጠለው ልጅ ሲሆን ደግሞ እሱንም ነፈግነው። እኔ ይሄን ልክ ነው ብዬ መቀበል አልችልም።

እዚሁ አዳማ በአፋን ኦሮሞ ረዳት "ገርጋራ" ነው። እማዬ ሁለቱንም ቋንቋ ስለምትችል ጠየቅኳት። "እሱም እንደኛው ነው፤ ለሰውም ለፈጣሪም ይባላል" አለችኝ።

ሌላም ነገር አለ። አማርኛ "ተረዳ" ሲል፣ እርዳታ አገኘ ማለትም ነው፣ ገባው ማለትም ነው። ዛሬ ሁለቱም ሆነዋል። ልጁ ጉልበቷን ደገፈላት፤ ሳትነግረው ሕመሟ ገባው። ሰውዬውማ የታየው የባከነበት ደቂቃ ብቻ ነበር።

ስንወርድም ቀድሞ ወርዶ እጁን ዘረጋላት። ስሙን ሳልጠይቀው በሩ ተዘጋ። ሲቆጨኝ ዋለ።

አሁን እማዬ ጸሎት ላይ ናት። የእኛን ስም በተራ ጠርታ ጨረሰች። ትንሽ ዝም አለችና "ያንንም የታክሲውን ረዳት" አለች።