«ስንት ኦፕኒንግ ጨረሳችሁ?»

ይህቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች። አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ከክፍል በኋላ ቼዝ አሠለጥን ነበር፤ ኦፕኒንግ የምንለው የጨዋታውን የመጀመሪያ እርምጃዎች ነው። ውድድር ሲቃረብ የክበባቱ ኃላፊ ብቅ ብለው የጠየቁኝ እሷን ነው። «አንድ ጨዋታ ላይ ነን» አልኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። «የሌላው ትምህርት ቤት ልጆች እኮ ስንትና ስንት ኦፕኒንግ በቃላቸው ሸምድደው ነው የሚመጡት! አንተ አንድ ጨዋታ ላይ?»

አዎ፣ አንድ ጨዋታ። አሜሪካዊው የቼዝ ሊቅ ፖል ሞርፊ እ.ኤ.አ. በ1858 ፓሪስ ኦፔራ ቤት ውስጥ ነጭ ይዞ የተጫወተው። ያኔ 21 ዓመቱ ነው። የብራውንሽቫይግ መስፍንና ካውንት ኢዙዋር ሁለት ሆነው እየተመካከሩ ጥቁር ይዘው ፊሊዶር የሚባለውን ኦፕኒንግ ተጫወቱበት፣ በ17 እርምጃ ጨረሳቸው። ልጆቹ የጨዋታውን ወረቀት በደብተር ሸፍነው ቀጣዩን እርምጃ ይገምታሉ፣ ምክንያታቸውን ይናገራሉ፣ ከዚያ ነው የሚገልጡት። ጊዜ ይፈጃል፣ ግን ልጁ ራሱ ያሰበውን አይረሳም።

ሰው ሁሉ የሚያወራው 16ኛው እርምጃ ላይ ንግሥቱን ስለ መስጠቱ ነው። እኔ የማቆማቸው 7ኛው ላይ ነው። ሞርፊ ንግሥቱን ቢ3 በሚባለው ቤት ላይ አወጣት፤ ቢ7 እና ኤፍ7 ላይ ያሉትን የጥቁር ወታደሮች በአንዴ ታጠቃለች። ጥቁር ኤፍ7ን ለማዳን ንግሥቱን ኢ7 ላይ አስቀመጠ። አንዲት ተማሪዬ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ቲቸር፣ የራሱን ቢሾፕ ዘጋው እኮ!» ያ የኤፍ8 ቢሾፕ እስከ መጨረሻው ንቅንቅ አላለም። ጥግ ላይ ያለው የኤች8 ሩክም እንደዚያው። ነጭ ግን አንዱን ሩክ ዲ7 ላይ ሰጥቶ ሌላውን በዚያው መስመር አመጣና ዲ8 ላይ ማት አደረገ፣ ንጉሡ መውጫ አጣ። ኦፕኒንግ ማለት ለእኔ ይሄ ነው፦ ጦርህን ሳትዘጋ ቶሎ ማውጣት።

ኃላፊው ቆመው ሲያዩ ቆይተው «ቢ7 ላይ ያለው ወታደር በነፃ አይደል እንዴ? ለምን አልበላውም?» አሉ።

ልጅቷ ቀደመችኝ። «ጥቁር በንግሥቱ ቢ4 ላይ ቼክ ይለዋል፣ ከዚያ ንግሥቶቹ ይበላላሉ።»

«ቢበላሉስ? አንድ ወታደር ይተርፈው የለ?»

እውነት ለመናገር የዚያን ቀን ምርጡ ጥያቄ የእሳቸው ነበር። ወታደሯን በልቶም ያሸንፋል። ሞርፊ ግን ፈረሱን አወጣ፤ ጥቁር ሳይሰናዳ ማጥቃት ነው የፈለገው፣ ለማጥቃት ደግሞ ንግሥቱ ታስፈልገዋለች። ይህን ላስረዳቸው ስል ሰዓታቸውን አይተው ወጡ። የቆረቆረኝም ይሄው ነው። አምስት ደቂቃ ቁጭ ቢሉ ኖሮ ለመጀመሪያው ጥያቄያቸውም መልሱን ያገኙ ነበር።

በሳምንቱ ፕሪንት የተደረገ የኦፕኒንግ ዝርዝር ተላከልን። ከአንዱም እርምጃ ጎን ለምን እንደሆነ አልተጻፈም። ያንን የሸመደዱ ልጆች በውድድሩ ነጥብ ይዘው ተመልሰዋል፣ ይህን አልክድም። ልጅቷ ግን ከተሸነፈችበት ጨዋታ እንደተነሳች ወረቀቷን ይዛ መጣች። አላለቀሰችም። 6ኛውን እርምጃ በእስክሪብቶ አክብባዋለች። «ቲቸር፣ እዚህ ጋ ፈረሱን ሳላወጣ ወታደር ገፋሁ። ምን ብዬ ነው የገፋሁት?» ቦርዱን ዘርግተን ከመጀመሪያው እርምጃ ጀመርን።