የሚከራይ ቤት ሲገዛ በቅድሚያ የምመለከታቸው ነገሮች

አዲስ አበባ ውስጥ አከራይተው ለመጠቀም ቤት መግዛት የሚያስቡ ወዳጆቼ አስቀድመው የሚጠይቁኝ አያት ይሻል እንደሆነ ወይስ ጀሞ ነው። ለእኔ ግን ከሰፈሩ በፊት መልስ ማግኘት ያለበት፣ ገዢው ከቤቱ የሚፈልገው የወር ገቢ ነው ወይስ ገንዘቡን ከዋጋ ግሽበት ማዳን የሚለው ጥያቄ ነው፤ አንድ ቤት ሁለቱንም እኩል ሲያሟላ እምብዛም አይታይምና።

ለምሳሌ በ6 ሚሊዮን ብር የተገዛ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም በወር 25 ሺህ ብር ቢከራይ፣ በዓመት የሚያስገባው 300 ሺህ ብር ወይም የግዢው 5 በመቶ ነው። ይህ ገና የኪራይ ገቢ ግብሩ፣ የእድሳቱ ወጪና ቤቱ ባዶ የሚቆይበት ጊዜ ሳይቀነስ፣ ባንክ ለተራ ቁጠባ ከሚከፍለው 7 በመቶ ያንሳል። እንዲህ ያለውን ቤት አዋጭ የሚያደርገው የዋጋው መጨመር ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ የቤት ወጪ አይሸፍንም። የወር ገቢ ለሚፈልግ ሰው፣ በእኔ ግምት፣ በዚያው ገንዘብ ሁለት ስቱዲዮ፣ ማለትም መኝታና ሳሎናቸው አንድ ክፍል የሆኑ ትንንሽ ቤቶች፣ መግዛት ይሻለዋል።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ተደንግጓል፤ ጭማሪም የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ በሚያሳውቀው መጠን ነው። ስለዚህ ተከራይ ያለበትን ቤት የሚገዛ ሰው፣ ደላላው «ኪራዩን በኋላ ታሳድገዋለህ» ቢለውም፣ የተመዘገበውን ውል አስቀድሞ ማንበብ ይኖርበታል።

በሰነድ ጉዳይ ግን ድርድር አላውቅም። ካርታው በሻጩ ስም መሆኑና ቤቱ ከእዳና እገዳ ነፃ መሆኑ ካልተረጋገጠ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አልገዛም። በዕጣ የተላለፈ ኮንዶሚኒየም አምስት ዓመት ሳይሞላው መሸጥ ስለማይፈቀድ፣ አንዳንዶች በውክልና ይገዛሉ፤ ይሁንና ውክልና የሰጠው ሰው ሊሽረው ይችላል፣ ሲሞትም ይቋረጣል፣ ገዢውም ከወራሾች ጋር ክርክር ውስጥ ይገባል።

ስለ ሰፈሩ ከሻጩ ይልቅ በዚያው ሕንፃ የሚኖር ተከራይ መጠየቅ እመርጣለሁ፤ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣና ውሃው እስከ አራተኛ ፎቅ ድረስ ይደርስ እንደሆነ በትክክል የሚነግረኝ እርሱ ነው።