የጀርመን የሐዘን ሳንቲሞች፦ ከንጉሡ አንገት ሥር ያለውን ጽሑፍ እዩ

እ.ኤ.አ. በ1902 የተመታው የሳክሶኒው (የጀርመን ግዛት) ንጉሥ አልበርት 5 ማርክ (የያኔው የጀርመን ገንዘብ) ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ተራ መገበያያ ነው፤ ሌላው ለሞቱ መታሰቢያ የወጣ ነው። መልኩም፣ በጀርባው ያለው ንስርም፣ ክብደቱም አንድ ነው። የሚለያቸው ከአንገቱ ሥር ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ በመታሰቢያው ላይ የተወለደበት ኤፕሪል 23 ቀን 1828 እና የሞተበት ጁን 19 ቀን 1902 ተቀርጸዋል። ዓመቱን ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ለተራው የመታሰቢያውን ዋጋ ይከፍላል። በኦክቶበር 1904 የሞተው የተተኪው የጊዮርግ ሳንቲምም እንዲሁ ያሳስታል። የአልበርት የሐዘን 5 ማርክ ወደ 100,000፣ የጊዮርግ ግን ወደ 37,000 ብቻ ነው የተመታው፤ የዋጋው ልዩነት ከዚህ ይመጣል።

የሌላዋ የጀርመን ግዛት፣ የሳክሰ-ማይኒንገን መስፍን ጊዮርግ 2ኛ በጁን 1914 ቢሞትም ሳንቲሙ ላይ ያለው ዓመት 1915 ነው። ይህ ስሕተት አይደለም፤ በዚህ ምክንያት ሐሰተኛ ነው እንዳትሉት።

የዚያን ዘመን 2 ማርክ 11.11፣ 3 ማርክ 16.67፣ 5 ማርክ 27.78 ግራም ይመዝናል፤ ሁሉም 90 በመቶ ብር ነው። ውኃ ያለበትን ብርጭቆ 0.01 ግራም በሚለይ ሚዛን ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉ። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስራችሁ፣ ታችኛውን ወለል ሳይነካ ሙሉ በሙሉ አጥልቁት። ለ5 ማርክ ሚዛኑ ወደ 2.7 ግራም ማንበብ አለበት፤ ክብደቱን በዚያ ስታካፍሉ 10.3 ገደማ ይመጣል፣ ይህም የ90 በመቶ ብር እፍጋት ነው። በሳንቲሙ ላይ የተጣበቀ የአየር አረፋ ውጤቱን ያዛባል፤ በተለይ 2 ማርክ ላይ፣ ንባቡ 1.08 ብቻ ስለሆነ።

ከእውነተኛ ብር የተቀለጠ ሐሰተኛ ግን ይህን ፈተና ያልፋል። ስለዚህ ጠርዙን በማጉያ መነጽር ተመልከቱ፦ በ3 እና በ5 ማርክ ላይ «ጎት ሚት ኡንስ» («እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው») የሚለው ጽሑፍ ጥርት ብሎ መነበብ አለበት፤ 2 ማርክ ጠርዙ ባለ ጥርስ ነው። ለጌጥ ማንጠልጠያ ተበይዶበት የነበረ ሳንቲምም በጠርዙ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከተቀረጸው ሰው አናት በላይ፣ የተፋቀ ቦታ ይታይበታል።

እባካችሁ አታንጹት። ጥቁረቱ ከብሩ ፊት ጋር የተዋሐደ ነው፤ በሳሙና ዱቄት ወይም በጥርስ ሳሙና ሲፈተግ የፊቱ ቆዳ አብሮ ይነሣል፣ ጭረቱም አይጠፋም።

የ1854ቱን የሳክሶኒ ንጉሥ የፍሪድሪሽ አውጉስት 2ኛ የሐዘን ታለር (ከማርክ በፊት የነበረ የብር ሳንቲም) የያዘ ሰው ደግሞ በማርክ መለኪያ አይፍረድበት። ክብደቱ 22.27 ግራም፣ ብሩ 75 በመቶ ነው፤ የውኃው ፈተና 10.1 ገደማ ቢሰጠው ትክክል ነው።