አርክቴክቸር ለማስተርስ፦ ትምህርት ቤቱን ሳታዩ አትፈርሙ

ብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የተቀበሏቸውን ተማሪዎች የሚጋብዙት ማርች መጨረሻ አካባቢ ነው፤ መልስ የሚጠብቁት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ኤፕሪል 15። ጉብኝቱን በግብዣው ቀን ብቻ አትጨርሱት፤ የዚያን ዕለት ስቱዲዮው፣ ማለትም ተማሪዎች ዲዛይን የሚሠሩበት ክፍል፣ ተጠርጎ፣ የተመረጡ ሞዴሎች ተደርድረው ነው የሚጠብቋችሁ። በሩ በካርድ ስለሚከፈት አንድ ተማሪ ለምናችሁ በማግስቱ ማታ ሦስት ሰዓት ግቡ። ሰው አለ? ጠረጴዛው የግል ነው ወይስ የጋራ? የሃርቫርድ አርክቴክቸር ትምህርት ቤት ባለበት ጉንድ ሆል በተባለው ሕንፃ ውስጥ ስቱዲዮዎቹ በአንድ ተዳፋት ጣሪያ ሥር እንደ ደረጃ የተደረደሩ ናቸው፤ የሌላውን ሥራ እያየ መማር ለሚወድ ግሩም፣ ጸጥታ ለሚሻ ግን ከባድ ነው።

ወርክሾፕ ስትገቡ የሌዘር መቁረጫውን ብዛት ሳይሆን ወረፋውን ጠይቁ። ተማሪዎች ሥራቸውን ለመምህራን የሚያቀርቡበት የስቱዲዮዎቹ የመጨረሻ ግምገማ በአንድ ሰሞን ስለሚውል ማሽኑ የሚጨናነቀው ያኔ ነው። ለህትመትና ለሞዴል ካርቶን በሴሚስተር ስንት እንደሚወጣም ተማሪዎቹ ይንገሯችሁ፤ ስኮላርሺፕ ብዙ ጊዜ ይህን አይሸፍንም። ከቻላችሁ ግምገማ ላይ ከኋላ ተቀምጣችሁ አዳምጡ፦ መምህራኑ ፕላኑንና ሴክሽኑን (ሕንፃው ተቆርጦ ሲታይ የሚያሳየውን ሥዕል) እያነሱ ነው የሚናገሩት ወይስ ስለ ራሳቸው ምርጫ?

ከአዲስ አበባ ዲግሪውን ይዞ ለሚሄድ ሰው ግን ዋናው ጉዳይ ሌላ ነው። በአብዛኞቹ ስቴቶች ወደ ሙያ ፈቃድ የሚያደርሰው ቀጥተኛ መንገድ የአርክቴክቸር ፕሮግራሞችን የሚመዝነው ናብ (NAAB) የተባለው ቦርድ እውቅና የሰጠው ኤም አርክ (M.Arch)፣ ማለትም የአርክቴክቸር የሙያ ማስተርስ፣ ነው፤ የሳይንስ ማስተርስ እዚያ ውስጥ አይካተትም። የምትመደቡት በሁለት ዓመቱ የኤም አርክ ፕሮግራም ነው ወይስ በሦስት ዓመቱ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ልዩነቱ የአንድ ዓመት ሙሉ ክፍያ ነው።